ለጠቅላይ ፍርድ ቤት እጩ ሲቀርብላችሁ ፍርዶቹን አንብቡ

ግልጽ ደብዳቤ
ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣
ለሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡- የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እጩዎች ስለሚመዘኑበት መንገድ

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን የምንጽፈው ሰሞኑን ስለቀረበ እጩ አይደለም። እንዲያውም የማንም ስም ባልተነሳበት ጊዜ ቢጻፍ ይሻላል ብለን ነው፤ ስም ከተነሳ ወሬው ሁሉ ሰውዬው የማን ወገን ነው ወደሚለው ይሄድና ስለ ሥራው የሚያወራ ይጠፋል። እኛ ሀዋሳ ከተማ ውስጥ በጥብቅናና በሕግ መምህርነት የምንሠራ፣ ከመካከላችንም ከዳኝነት በጡረታ የወጡ ያሉን የሕግ ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ፕሬዚዳንት ወይም ምክትል ፕሬዚዳንት ስትሾሙ እጃችሁ የሚገባው ወረቀት የሕይወት ታሪክ ብቻ አይሁን። እጩው የጻፋቸው ፍርዶች አብረው ይምጡ፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊትም ይነበቡ።

ሀዋሳ ተቀምጣችሁ ስለ አዲስ አበባ ችሎት ምን አገባችሁ የሚለን ካለ መልሱ ያለው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነው። አንቀጽ 80(3)(ሀ) መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ በሰበር የማየት ሥልጣን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሰጣል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ደግሞ ከአምስት የማያንሱ የሰበር ዳኞች የሰጡትን የሕግ ትርጉም በየትኛውም እርከን ያለ የፌዴራልም ሆነ የክልል ፍርድ ቤት እንዲከተል አስገደደ፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህንኑ አስቀጥሏል። እናንተ አንድ አዋጅ ለማውጣት 547 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት ከግማሽ በላይ ሆናችሁ መገኘት አለባችሁ። ሰበር ችሎት ላይ ግን አምስቱ ዳኞች ቢለያዩ የሦስቱ ሐሳብ በንሳና አለታ ወንዶ ችሎት ለሚያስችለው የወረዳ ዳኛ ሳይቀር ሕግ ሆኖ ይወርዳል። አንድ ሰው ለዚያ ወንበር ስትመርጡ ከሦስቱ አንዱን መምረጣችሁ ነው።

ነገሩ በሥራ ላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ሁለት መዝገቦች ያሳያሉ። በ2000 ዓ.ም. በሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 የተወሰነው ክርክር የመጣው ከቀድሞው የደቡብ ክልል ፍርድ ቤቶች ነው። ጥያቄው አንድ ሕፃን ልጅ ባሳደገች አክስት ዘንድ ይቆይ ወይስ ወደ ወላጅ አባት ይሂድ የሚል ነበር። የሥር ፍርድ ቤቶቹ ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36(2)ና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን አንቀጽ 3 አንስቶ ቅድሚያ የሚሰጠው ለልጁ ደኅንነት ነው በማለት ሻረው። ዛሬ የልጅ ማሳደግ ክርክር ይዞ የሚቆም ጠበቃ ይህን ቁጥር በቃሉ ይዞታል።

ሁለተኛው በ1999 ዓ.ም. የተወሰነው መዝገብ ቁጥር 21448 ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 እንደተባለው በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልተደረገ አይጸናም ተባለ። በመንደር ውል፣ በሦስት ምስክርና በአንድ ሰነድ ቤት ገዝቶ የሚኖረውን ሰው ብዛት እዚህ ሀዋሳም፣ እናንተም በተመረጣችሁበት አካባቢ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆየት ብሎ ችሎቱ፣ ውሉ መደረጉ በተዋዋዮቹ ያልተካደ እንደሆነ ነገሩ በሌላ ዓይን ይታያል ወደማለት አዘነበለ። የቱ ትርጉም ትክክል እንደሆነ እኛም እርስ በርሳችን አንስማማም። የምንስማማው በዚህ ነው፦ እንዲህ ያለ ትርጉም የሚጽፍና የሚለውጥ ሰው ለምን እንደለወጠ በወረቀት ላይ ማስረዳት የሚችል መሆን አለበት። ይህ ችሎታ ደግሞ በሕይወት ታሪክ ላይ አይታይም።

ወደ ሹመቱ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 81 ሁለት በር ከፍቷል። ከፕሬዚዳንቱና ከምክትሉ ውጭ ላሉት የፌዴራል ዳኞች የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይመለምላል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ እናንተ ያመጣሉ፣ እናንተ ትሾማላችሁ። ጉባኤው የእጩዎችን ስም ይፋ አድርጎ ከሕዝብ አስተያየት መጠየቁም ተለምዷል፤ ይህ ደግ ልማድ ነው። ፕሬዚዳንቱንና ምክትሉን በተመለከተ ግን አቅራቢው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው፤ ከዚያ በቀጥታ እናንተ ናችሁ። ጥር 9 ቀን 2015 የወ/ሮ መዓዛ አሸናፊና የአቶ ሰለሞን አረዳ መልቀቂያም፣ የአቶ ቴዎድሮስ ምህረትና የወ/ሮ አበባ እምቢአለ ሹመትም በአንድ ስብሰባ ላይ አለቀ። ስለ ተሾሙት ሰዎች ብቃት ክፉም ደግም እየተናገርን አይደለም። የምንናገረው ስለ ሰዓቱ ነው። በአንድ ጠዋት ስም ተሰምቶ በዚያው ጠዋት እጅ ሲወጣ፣ የአባሉ ሕሊና የሚመዝነው ምኑን ይዞ ነው?

የሌላ አገር ልምድ እንይ ካልን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኬንያ በ2021 እ.ኤ.አ. ዋና ዳኛዋን ስትመርጥ የዳኝነት አገልግሎት ኮሚሽኑ ተወዳዳሪዎቹን አንድ በአንድ ሲጠይቅ በቀጥታ የቴሌቪዥን ሥርጭት ታይቷል። ሕገ መንግሥታቸው ለጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ዳኛ ቢያንስ 15 ዓመት ልምድ ይጠይቃል። የአሜሪካ ደግሞ የሚያስገርም ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ለዳኛው ዕድሜም፣ የሕግ ዲግሪም አይጠይቅም። ያም ሆኖ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጠበቆች ማኅበራቸው ኮሚቴ እጩዎችን በሦስት ነገር ይመዝናል፦ በሐቀኝነት፣ በሙያ ብቃትና በዳኝነት ጠባይ። ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሆን የሕግ መምህራንና ጠበቆች በቡድን ሆነው እጩው የጻፈውን አንብበው ለኮሚቴው ሪፖርት ያቀርባሉ። የሴኔታቸውን ጭቅጭቅ ቅዱ ማለታችን አይደለም፤ እሱስ ይቅርባችሁ። ንባቡን ግን ውሰዱት።

ምን ይነበብ? ለአንድ እጩ 12 ፍርድ ይበቃል እንላለን። አራቱን እጩው ራሱ ይምረጥ፤ ጥሩ ሥራዬ የሚለውን ማወቅ በራሱ ብዙ ይናገራል። አራቱ በይግባኝ ወይም በሰበር ከተሻሩበት ወይም ከተሻሻሉበት ውስጥ ይሁኑ። የቀሩት አራት ከሬጅስትራር (ከመዝገብ ቤቱ ኃላፊ) ዝርዝር በዕጣ ይውጡ፤ ሁለት የፍትሐ ብሔር፣ አንድ የወንጀል፣ አንድ የሥራ ክርክር። የሥራ ክርክር የጨመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለበት ከተማ ነዋሪዎች ስለሆንን ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ መዝገብ በችሎት ፊት ምን ያህል በፍጥነትና በሸካራው ሊታለፍ እንደሚችል እናያለን።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ፤ ያላስተዋለው አንባቢ ይሳሳታል። የሰበርን ውሳኔ ቅጂ ብታዩ ከላይ የመዝገብ ቁጥሩና ቀኑ፣ ቀጥሎ በተራ ቁጥር የአምስቱ ዳኞች ስም፣ ከዚያ አመልካችና ተጠሪ ይሰፍራሉ። መጨረሻው ላይ «የማይነበብ የአምስት ዳኞች ፊርማ አለበት» የምትል መስመር አለች። በዚህች መስመር ምክንያት ፍርዱን ከአምስቱ ማን እንዳረቀቀው ከውጭ ያለ ሰው አያውቅም። ስለዚህ እጩው በሙሉ ድምፅ የተሰጠ ውሳኔ ሲያቀርብ ረቂቁ የእርሱ ለመሆኑ የችሎቱ ሰብሳቢ በጽሑፍ ያረጋግጥለት። ያለዚያ የሌላ ሰው ላብ ነው የምታነቡት።

ከዚህ ይልቅ የሚታመነው የሐሳብ ልዩነት ነው። «ስሜ በተራ ቁጥር ሦስት የተመለከተው ዳኛ ከአብላጫው ድምፅ በሐሳብ የተለየሁበት ምክንያት…» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ባለቤቱ የታወቀ ነው። ማንም አላዘዘውም፤ አብሮት የሚሠራ ባልደረባውን እየተቃወመ፣ ውጤቱን እንደማይለውጥ እያወቀ ነው የጻፈው። ሰውየው ሲከራከር ምን እንደሚመስል፣ ተቃራኒውን ሐሳብ በትክክል አስቀምጦ ይቃወማል ወይስ አጣሞ፣ ይቆጣል ወይስ ያስረዳል፣ ሁሉም እዚያ አለ። ብዙ ዓመት በችሎት ተቀምጦ አንድም የሐሳብ ልዩነት ያልጻፈ እጩ ካጋጠማችሁ ይህ ጥፋት ነው አንልም፤ ብቻ ለምን ብላችሁ ጠይቁት። «ሁልጊዜ በውይይት እንስማማለን» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በውይይት ሐሳቡን ያስለወጠበትን ወይም ሐሳቡ የተለወጠበትን አንድ የሕግ ነጥብ ያስረዳ።

አሁን አንዱን ፍርድ አንስተን እናንብበው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 182 ፍርድ ጭብጡን (ፍርድ ቤቱ ሊመልሰው የሚገባውን የክርክሩን ጥያቄ)፣ በጭብጡ ላይ የተሰጠውን ውሳኔና የውሳኔውን ምክንያት መያዝ አለበት ይላል። ብዙ ቦታ የምናየው ግን የክሱና የመልሱ ግልባጭ አራትና አምስት ገጽ ይፈጅና «ግራ ቀኙን አከራክረን መዝገቡን መርምረናል» ከሚለው በታች ያለው አሥር መስመር አይሞላም። ያን ዓረፍተ ነገር ፈልጉና ከእርሱ በላይና በታች ያለውን በጣታችሁ ለኩ። ይህ የጅል ዘዴ ይመስላል፤ ግን የሕግ ትምህርት የሌለው የምክር ቤት አባልም ሊሠራበት የሚችል መለኪያ ነው፤ ብዙም አይሳሳትም።

ቀጥሎ ጭብጡን እዩ። ከሳሽ የጠየቀው ቤት ይመለስልኝ ሆኖ ዳኛው ውሉ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም ብሎ ከጀመረ፣ ቀሪው ቢያምርም ሰውየው ያልተጠየቀውን ነው የመለሰው። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ተገቢውን ጭብጥ አለመያዝ አንዱ የሆነው በከንቱ አይደለም። ነገ የሌላውን ዳኛ ጭብጥ የሚያርም ሰው ዛሬ የራሱን መያዝ ይቻለው።

ከዚያ የተሸነፈውን ወገን ፈልጉ። የተረታው ሰው ያቀረበው ጠንካራ መከራከሪያ የትኛው ነው? ፍርዱ ውስጥ መልስ አግኝቷል? «አሳማኝ ሆኖ አላገኘነውም» መልስ አይደለም። ሦስት ምስክር የተሰማ እንደሆነ የሁለቱ ቃል ለምን እንደታመነ፣ የአንዱ ለምን እንደተጣለ መጻፍ አለበት። ይህን ሳይጽፍ ማለፍ የለመደ ዳኛ ሰበር ላይ ሲቀመጥም ልማዱን ይዞት ይሄዳል፤ ያኔ የሚያርመው የለም።

የመጨረሻው የውሳኔ ክፍል፣ ትዕዛዙ፣ ብዙ አንባቢ የሚዘለው ነው። እኛ ከሁሉ በላይ እርሱን እናያለን፤ ዳኛው ከወረቀቱ ባሻገር ያለውን ሕይወት ማወቁ የሚለየው እዚያ ነውና። አንድ የፍቺ መዝገብ አስቡ። በ160 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያረፈ ባለሦስት ክፍል ቤት አለ። ትዕዛዙ «ቤቱን እኩል ይካፈሉ» ብሎ ይቆማል። ሦስት ክፍል ለሁለት እንዴት ይከፈላል? መጸዳጃው የማን ነው? በሩ በማን በኩል ይወጣል? አፈጻጸም ችሎት ላይ ባልና ሚስቱ ከዋናው ክርክር የረዘመ ሌላ ክርክር ይከፍታሉ። በደንብ የተጻፈ ትዕዛዝ በቅደም ተከተል ይናገራል፤ በዓይነት የሚከፈል ከሆነ ይከፈል፣ ካልሆነ በባለሙያ ተገምቶ አንዱ ለሌላው ግማሹን ከፍሎ ያስቀር፣ ካልተስማሙ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን ይካፈሉ። የገንዘብ ፍርድም እንዲሁ ነው። «ከነወለዱ ይክፈል» የሚል ትዕዛዝ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ በስንት በመቶ እንደሆነ ካላለ ሒሳቡን የሚሠራው የአፈጻጸም ዳኛው ወይም ተከራካሪው በጉልበቱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1751 ሕጋዊ ወለዱን በዓመት 9 በመቶ ብሎ ወስኖታል፤ ቁጥሩን ለመጻፍ የሚፈጀው አንድ መስመር ነው። በወንጀል ደግሞ በቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 መሠረት የተያዘውን መነሻ እርከን፣ ማክበጃና ማቅለያ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ቆጥራችሁ መጨረሻ ላይ ከተጻፈው እስራት ጋር አስተያዩት። ሒሳቡ ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ስለ መዝገብ ብዛት ጥቂት። በእጩዎች ማኅደር ላይ «በዓመት ይህን ያህል መዝገብ አጥርቷል» የሚል ቁጥር ይገኛል፤ ሰሚውን ያስደንቃል። ያለ ዝርዝሩ ግን አትመኑት። ከሳሽ ስላልቀረበ የተዘጋ፣ ክሱን ስለተወ የተዘጋ፣ ሥልጣን የለንም ተብሎ የተመለሰና ማስረጃ ተሰምቶ በፍሬ ነገሩ የተወሰነ መዝገብ በሪፖርት ላይ እኩል አንድ አንድ ተብለው ይቆጠራሉ። በፍሬ ነገር የተወሰኑትን ብቻ ለይታችሁ ጠይቁ። ከእነርሱ ውስጥ ስንቱ ይግባኝ ተባለበት፣ ስንቱ ጸና፣ ስንቱ ተሻረ ብላችሁ ቀጥሉ። የተሻረውንም በምክንያቱ ለዩት፤ ሕግ በመሳት የተሻረና ተጨማሪ ማስረጃ ይጣራ ተብሎ የተመለሰ አንድ አይደሉም። ስለ ቀጠሮም ጠይቁ፤ «ለምርመራ» ተብሎ ስንት ጊዜ እንደተቀጠረ መዝገቡ ሽፋን ላይ ይታያል።

እጩው ከችሎት ያልመጣ ቢሆንስ? ይህ በሩን አይዘጋበትም። በጥቅምት 2011 የተሾሙት ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ በወጣትነታቸው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት የሠሩ ቢሆኑም አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት ከችሎት ውጭ ነበር። እንዲህ ላለው እጩ የሚነበበው ነገር ይለያል። ጠበቃ ከሆነ ራሱ ያረቀቃቸው የይግባኝና የሰበር ማመልከቻዎች ይቅረቡ፤ ከእነርሱ ጋር የተረታባቸውም ይጨመሩ። በተጨማሪ ላለፉት አምስት ዓመታት የወከላቸውን ድርጅቶች ዝርዝር ለኮሚቴው በምሥጢር ይስጥ፤ ነገ ከየትኞቹ መዝገቦች መነሳት እንዳለበት የሚታወቀው በዚህ ነው። ዐቃቤ ሕግ ከሆነ ክስ ያቋረጠባቸውንና ምክንያቱን እዩ። መምህር ከሆነ ጽሑፉ ውስጥ የራሱን አቋም የማይደግፍ የሰበር ውሳኔ ሲያገኝ ምን እንዳደረገ ፈልጉ፤ ዘሎት ካለፈ ችሎትም ላይ ይዘለዋል። ከእነዚህ ሁሉ ለማንኛቸውም የሚሆን አንድ ፈተናም አለ። የተከራካሪዎቹ ስም የተሸፈነበት፣ 30 ገጽ ያህል የሆነ ያለቀ መዝገብ ሰጥታችሁ በሦስት ሰዓት ውስጥ ፍርድ አጽፉት። ማንም ሳይረዳው ቢጨንቀው ምንም አይደለም። ወረቀቱ ይናገራል።

ስለ ነጻነት የሚጠየቀው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ይባክናል። «በሕግ ብቻ ትመራለህ ወይ?» ሲባል አይ የሚል እጩ ታይቶ አይታወቅም። የሰውየው መልስ ያለው አንዱ ወገን መንግሥት በሆነባቸው መዝገቦች ውስጥ ነው፤ የዋስትና ጥያቄዎች፣ የግብር ይግባኞች፣ የቦታና የካሳ ክርክሮች፣ ከመሥሪያ ቤት የተሰናበተ ሠራተኛ አቤቱታ። ከ12ቱ ፍርዶች ሦስቱ ከእነዚህ ውስጥ ቢሆኑ ደስ ይለናል። ለመንግሥት መፍረድ ጥፋት አይደለም፣ በመንግሥት ላይ መፍረድም በራሱ ጀግንነት አይደለም፤ የሚታየው ለሁለቱም የሚጠቀምበት ሚዛን አንድ መሆኑ ነው። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ ለቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ለአቶ ስዬ አብርሃ ዋስትና ሲፈቅዱ፣ ተጠርጣሪው ወዲያው እንደገና መያዛቸውንና በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚያደርግ ሕግ መውጣቱን የሕግ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ያን የዋስትና ትዕዛዝ የጻፈች ዳኛ ስለ ነጻነት ጥያቄ ሊቀርብላት አያስፈልግም ነበር።

በተቃራኒው እጩውን መጠየቅ የማይገባችሁ ነገርም አለ። በችሎት ላይ ያለ ወይም ነገ ሊመጣ የሚችል መዝገብ ላይ «እንዴት ትፈርዳለህ?» አትበሉት። ቢመልስላችሁ ደግሞ በመልሱ አትደሰቱ፤ ሳይሰማ የሚፈርድ ሰው ማግኘታችሁ ነው። የሲዳማ ሽማግሌዎች ነገር ከመጀመራቸው በፊት «አፊኒ?» ይላሉ፤ ሰማችሁ ወይ እንደማለት ነው። የተሰማ ነገር ከሌለ ወሬም ፍርድም የለም።

ይህን ካነሳን ስለ ቋንቋ እንጨምር። የክልላችን የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው፤ ሰበር ችሎት የሚሠራው በአማርኛ ነው። ከዚህ የሚሄድ መዝገብ ተተርጉሞ ነው የሚነበበው። «ሰጠሁት» እና «አስያዝኩት» በትርጉም ላይ ከተምታቱ ስጦታው መያዣ፣ መያዣው ስጦታ ይሆናል፤ የሕግ ውጤታቸው ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እጩው ሲዳምኛ ወይም ኦሮምኛ ይወቅ ማለታችን አይደለም፤ የብሔር ኮታ ጉዳይም አናደርገውም። ትርጉም የሚያጠራጥር ሲሆን ዋናውን ሰነድ ያስመጣል ወይ፣ ሌላ አስተርጓሚ ያሳያል ወይ የሚለውን ጠይቁት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) መሠረት ተከራካሪዎች ፈቅደው በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ ስለተዳኙበት የግልና የቤተሰብ ጉዳይም እንዲሁ። በተለይ የሴቷ ፈቃድ እውነተኛ ፈቃድ መሆኑን በምን ያረጋግጣል? እዚህ ላይ ተዘጋጅቶ የመጣ እጩና በጥቅሉ ባህላችን ይከበር የሚል እጩ ወዲያው ይለያያሉ።

ለፕሬዚዳንትነት የቀረበ ሰው ሲሆን ከዳኝነቱ በላይ ሌሎች ወንበሮችም አሉ። የዳኞች አስተዳደር ጉባኤን ይሰበስባል፤ ማለትም የዳኛ ምልመላና ዲሲፕሊን በፊቱ ያልፋል። በአንቀጽ 79(6) የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን በጀት አዘጋጅቶ በቀጥታ ለእናንተ የሚያቀርበው ፍርድ ቤቱ ነው። በአንቀጽ 82 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ 11 አባላት ያሉትን የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይመራል። ይህ ሦስተኛው ወንበር አልፎ አልፎ ነው የሚታየው፤ ሲታይ ግን አገር ያያል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም ጉባኤው ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን እያስተላለፈ ሰምቶ የውሳኔ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አቀረበ፤ ምክር ቤቱም ሰኔ 3 ቀን ወሰነ። በሥራ ክርክርና በውል ሕግ የተዋጣለት ዳኛ የሕገ መንግሥት ጽሑፍ ፊት ሲቀመጥ እጁ ሊታሰር ይችላል። ስለዚህ ለፕሬዚዳንት እጩ በ12ቱ ፍርዶች ላይ ሁለት ነገር ጨምሩ፤ ስለ ሕገ መንግሥት ትርጉም የጻፈው፣ ካልጻፈ አሁን የሚጽፈው አሥር ገጽ፤ እንዲሁም ቀድሞ የመራው ችሎት ወይም መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሁኔታ ሲረከበውና ሲያስረክበው።

ስለ ጠባይ የምንለው አጭር ነው። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ያስመዘገበውን ሀብት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ምዝገባ ጎን ለጎን እዩ። በዘመድነት ወይም ቀድሞ በያዘው ጉዳይ ምክንያት ራሱን ከችሎት ያነሳባቸው መዝገቦች ካሉ ጠይቁ፤ ተነስ ተብሎ ያልተነሳባቸውንም። በፊቱ የቆሙ ጠበቆችን ስትጠይቁ የረቱትን ብቻ አትጠይቁ፤ በዚያ ችሎት ቢያንስ ሦስት ጊዜ የተረታ ጠበቃ «ፈረደብኝ፣ ግን ሰምቶኛል» ካለ ያ ምስክርነት ይበቃል። ሬጅስትራሩንና የችሎት ጸሐፊዋንም አትርሱ።

ይህ ሁሉ ስንት ቀን ይፈጃል የምትሉ ከሆነ አስልተነዋል። አንድ ፍርድ በጥንቃቄ ለማንበብና አንድ ገጽ አስተያየት ለመጻፍ ለለመደ ሰው ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ 12ቱ 24 ሰዓት፣ በሦስት አንባቢ 72 ሰዓት ነው። የምክር ቤቱ የሕግ ባለሙያዎች ሁለት ሆነው ከአንድ የሕግ ትምህርት ቤት መምህር ጋር ቢሠሩት በሁለት ሳምንት ያልቃል። ስሙ ይፋ ከሆነበት ቀን አንሥቶ ድምፅ እስከሚሰጥበት ቀን 21 ቀን ይሁን የምንለው ከዚህ ሒሳብ ተነሥተን ነው፤ 14 ቀን ለንባቡ፣ 5 ቀን ለሕዝብ አስተያየት ማጣሪያ፣ 2 ቀን ለኮሚቴው ቃለ ምልልስ። ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልገውም፤ በምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ይበቃዋል። አስተያየት ሰጪዎችም ስማቸውን ይጻፉ፤ የሐሜት ወረቀት መቀበል ከጀመራችሁ 21 ቀኑ አይበቃችሁም።

አንባቢዎቹ እንዲሞሉት ያዘጋጀነውን ባለ አንድ ገጽ ቅጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። ቅጹ ላይ ነጥብ መስጫ ቦታ የለም፤ ሆን ብለን ነው የተውነው። ነጥብ ካለ ሁሉም ድምሩን አይቶ ገጹን ይዘጋዋል።

ከሰላምታ ጋር፣
በሀዋሳ ከተማ የምንገኝ ጠበቆች፣ የሕግ መምህራንና ጡረተኛ ዳኞች

ግልባጭ፡-
ለፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ
ለጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ
ለሲዳማ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት
ሀዋሳ